የአጥር ሥር ድስት

መጀመሪያ ያመመኝ ራሴን ነው። ሰቆጣ፣ አራተኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ እያስተማርኩ። ከቅንድቤ በላይ እንደ ምስማር የሚመታ ነገር መጣብኝና ግንባሬን ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩት። ሰሌዳው ቀዝቃዛ ነበር፣ ደስ አለኝ። ዞር ስል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለካ የጻፍኩት ሦስት አራተኛ ተገልብጦ ግንባሬ ላይ ታትሟል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሽታዬ የጀመረው እንዲህ በሳቅ ነው፤ ያለቀውም በሳቅ ነው። መሀሉን ነው የማልመኝላችሁ።

ይሄን የምጽፈው የአንጀት ተስቦ፣ ሐኪሞች ታይፎይድ የሚሉት፣ ለያዛችሁና የተያዘ ሰው ለምታስታምሙ ነው። ታሪክ ማሳመር አልችልበትም። የደረሰብኝን ልንገራችሁና የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ሰቆጣ ስመደብ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከኮረም በጭነት መኪና ስወጣ መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ "ይሄን የቻለ ሰው ምንም አይነካው" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከራስ ምታቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስብሰባ አምደወርቅ በእግር ሄደን፣ ስንመለስ ከመንገድ ዳር ውኃ ጠጥቻለሁ። ጓደኞቼ "ቆይ፣ ከፊት ቤት አለ፣ የተፈላ ሻይ እንጠጣለን" አሉኝ። እኔ ደሞ መቆየት የሚባል ነገር አልወድም። ተንበርክኬ በእጄ ጠጣሁ። ከዚያ ይሁን ከሌላ በእርግጥ አላውቅም፤ እኔ ግን እሱን ነው የምጠረጥረው።

ራስ ምታቱን አስፕሪን ውጬ ዝም አሰኘሁት። ጠዋት ደህና እሆናለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ይመጣል፤ በማግሥቱ ደሞ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ልክ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ሆዴ ደረቀ። ምግብ ጠላሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ ግን "ጉንፋን ነው" እያልኩ ማስተማሬን አልተውኩም። በመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳስተምር ተማሪዎቹ ድምፄ አልሰማ ብሏቸው እየተጠጉ እየተጠጉ ጠረጴዛዬን ከበቡት። ያን ቀን ርእሰ መምህሩ አየኝና በቅሎ አስመጣልኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ጤና መኮንን አቶ ፍሥሐ ይባላል። አገሩ ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚለው፤ እሱ ደሞ በየቀኑ "ዶክተር አይደለሁም" ይላል፤ ማንም አይሰማውም። ምላሴን አየ፣ ሆዴን ነካካ፣ ደረቴ ላይ የወጡትን ቀያይ ነጠብጣቦች ጫን አድርጎ ለቀቃቸው። ደም ወሰደ።

"ስንት ጊዜሽ ነው?" አለኝ።

"አንድ ሳምንት... ትንሽ አልፎታል።"

"አስተማሪ አይደለሽ? ተማሪ አርፍዶ ሲመጣ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"በር ላይ አቆመዋለሁ።"

"እኔ ደሞ አስተኛሻለሁ" አለና ክሎራምፊኒኮል የሚባለውን ካፕሱል ቆጥሮ ሰጠኝ። "ቢሻልሽም ባይሻልሽም እስኪያልቅ ትውጫለሽ። ሲሻላት ያቆመች ሁሉ ተመልሳ እኔው ጋ ናት።"

የጤና ጣቢያው አልጋ ሞልቶ ስለነበር ተኝቼ የታመምኩት ተከራይቼ በምኖርበት ቤት፣ እትዬ ለምለም ዘንድ ነው። እትዬ ለምለም ጠላ ሻጭ ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣኛን ሲናገሩ ፈጣን ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ቀስ ብሎ፣ ተመርጦ ይወጣል፤ ስለዚህ በአማርኛ ሲቆጡ ቁጣው ይረዝማል። እናቴ ደሴ ናት። መኪና ያለው አልፎ አልፎ ነው። እትዬ ለምለም "እናትሽ እስክትሰማ እኔ አለሁ" አሉ። 

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ትኩሳት። ጥማት። ግድግዳው ይጠጋኛል። ጆሮዬ አይሰማም። እትዬ ለምለም በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ይይዛሉ። ተማሪዎቼን በስም እጠራ ነበር አሉ ኋላ። አንዱንም ትክክል አልጠራሁም አሉ።

አንድ ጠዋት ደም አየሁ። ከሰገራዬ ጋር። ጥቂት ነበር። ጥቁር ነበር።  ከዚያ ፈራሁ። ነገርኳቸው። እትዬ ለምለም ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ሮጡ።

አቶ ፍሥሐ መጣ። ሆዴን በቀስታ ጫነ። ፊቱን አየሁት። ፊቱ ምንም አይናገርም።

"ለስላሳ ነው" አለ። "አልተበሳም።"

"ምኑ?"

"አንጀትሽ። ተስቦው አቁስሎታል። ቁስሉ እስኪሽር እንደ ረጠበ ወረቀት ነው። ከተበሳ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። እዚህ ኦፕራሲዮን የለም። ደሴ ድረስ ደሞ አትደርሺም።"

ማባበል አያውቅም። በዚህ ወደድኩት።

"ትኩሳቱ ሰሞኑን ይወርዳል" አለ። "እኔ የምፈራው ያን ጊዜ ነው።"

"ሲሻለኝ ነው የምትፈራው?"

"አዎ። ይርብሻል።"

እሱ እንዳለውም ሆነና ትኩሳቱ ወረደ። ላብ አጥምቆኝ ተነሣሁ። ግድግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጆሮዬ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የሰማሁትም የጎረቤት ላም ስትጮኽ ነው። ከዚያ ረሃቡ መጣ። እናንተ! ረሃብ የሚባለውን ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ምሳ የዘገየበትን ረሃብ ነበር የማውቀው። ይሄኛው ሰው ነው፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ስሜን እየጠራ ይነዘንዘኛል።

አቶ ፍሥሐ የምበላውን ለእትዬ ለምለም በጣቱ እየቆጠረ ነገራቸው። ወተት። ለጋ ቅቤ። ሳይጠነክር የተቀቀለ እንቁላል። ከሁሉ በላይ ደሞ ድንች፣ ቅንጣት የሌለው፣ እንደ እርጎ የላመ፣ በወተት የለሰለሰ። ቆሎ አይሆንም። ንፍሮ አይሆንም። ተልባ አይሆንም። በርበሬ አይታሰብም። እንጀራ እንኳ ለጊዜው ይቅር።

እትዬ ለምለም ጣቱን ተከትለው ቆጠሩና ፊታቸው ጠቆረ። ሁዳዴ ነበር። አትብዪ የተባልኩት ሁሉ ቤታቸው ሞልቷል፤ ብዪ የተባልኩት ሁሉ እስከ ፋሲካ እደጃቸው አይደርስም።

ድንቹ አላስቸገረም። ከአምደወርቅ በኩል የመጣች ሴት ገበያ ላይ ትሸጥ ነበር፤ እንቁላል እንቁላል የሚያክል፣ አፈሩ ያልተራገፈ ድንች። በሽታውም ድንቹም በአንድ መንገድ መጡልኝ። ለጾሙ ደሞ እትዬ ለምለም ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ቄሱም "የታመመ ጾም የለበትም፣ ትብላ" ብለው አሰናበቷቸው። እኔ ገላገለኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ድንቹ ግን አይጣድም።

"እትዬ፣ ተፈቀደ አይደል እንዴ?"

"ለአንቺ ተፈቀደ" አሉ። "ለድስቴስ ማን ፈቀደለት?"

እየቀለዱ መሰለኝ። አይደለም። በዚያ ቤት የጾም ድስት የጾም ነው። ወተት ከገባበት የጠላ ደንበኞቻቸው ሽሮ በሱ አይሠራላቸውም። የፍስኩ ድስት ደሞ ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል፤ በሁዳዴ ማውረድ ማለት ዶሮ ወጥ ሠራሁ ብሎ ለሠፈሩ መንገር ነው።

"ታዲያ እኔ ልሙት?" አልኩ። በዚያ ሰሞን ሁሉን ነገር በሞት ነበር የምጨርሰው።

"ማን ሙቺ አለሽ! ድስት ነው ያጣሁት፣ ልቤን አላጣሁ!"

ጩኸታችን ከካቡ አጥር ማዶ ተሰማ። ማዶ ያለችው ሐዋ ናት፤ ባሏ ሱቅ አለው፣ ከአበርገሌ በኩል በግመል የሚመጣውን ጨው እሱ ነው የሚያከፋፍለው። ያቺ ስትጮኽ የሰማኋት ላምም የሐዋ ናት፤ ወልዳ ነበር።

"እናንተ!" አለች ሐዋ አንገቷን በካቡ ላይ ብቅ አድርጋ። "የድስት ዳኝነት ነው እንዴ የምሰማው? ወተቱ እኔ ዘንድ ነው። ድስትም ላምጣ?"

እትዬ ለምለም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ሐዋ ሳቀች።

"አውቃለሁ እትዬ ለምለም፣ ሥጋ የነካው ነው። አይንኩት። እኔስ የእርስዎን መቼ እነካለሁ?"

"እንግዲያ ምን ይሻላል?" አሉ እትዬ ለምለም።

"የማንም ያልሆነ ድስት" አለች ሐዋ።

ተስማሙ። አዲስ የሸክላ ድስት ይገዛል፤ የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም፣ የበሽተኛዋ ነው። እማን ቤት ይጣድ? ካቡ በዝናብ የተናደበት ቦታ ነበር፣ ጉልበት ድረስ ዝቅ ያለ። እዚያ ሥር፣ ከዚህም ከዚያም እጅ በሚደርስበት፣ ሦስት ጉልቻ ተተከለ። ኩበቱና ፍሙ ከእትዬ ለምለም፤ ወተቱና ቅቤው ከሐዋ። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ከበሩ ላይ አያለሁ። ሁለት መንግሥት ድንበር ላይ ስምምነት ሲፈራረም ያየሁ መሰለኝ።

ድስቱ መጣ። ያምራል፣ ጥቁር፣ ሆደ ሰፊ። እትዬ ለምለም ግን አላስነካም አሉ። "መሟሸት አለበት። በጎመን ዘር ይታሻል፣ በቀስታ ይሞቃል፣ የመጀመሪያው ፍል ይደፋል። ነገ ትበያለሽ።"

"ነገ? እትዬ፣ ነገ እኔ የለሁም!"

"የት ልትሄጂ?"

"እሞታለኋ!"

ሐዋ በእኔ አዘነች። "እስቲ ለዛሬ ብቻ እትዬ ለምለም፣ ዓይኗን አያዩትም?" አለች። እትዬ ለምለም እጃቸውን አነሡ። "እሺ። ያልተሟሸ ድስት የሚያደርገውን ታያላችሁ።"

ድንቹ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ወተት ተጨምሮበት ተጣደ። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ እጠብቃለሁ። ሽታው መጣ። ወተቱ ጠርዝ ጠርዙን አረፋ መያዝ ጀመረ። ከዚያ፣ ጧ! ድስቱ ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰነጠቀ። ወተቱ አመዱ ላይ ፈሰሰ። ድንቹ እየተንከባለለ ወጣ። የሐዋ ድመት ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች።

አለቀስኩ። በሽታው ሲጀምረኝ አላለቀስኩም። ደም ሳይ አላለቀስኩም። ለድንች አለቀስኩ፣ ንፍጤ እስኪወርድ።

"ጾም የሌለባት እሷ ናት፣ ተሳካላት" አሉ እትዬ ለምለም ድመቷን እያዩ። አልቆጡኝም። ሐዋ የሰጠችውን እንቁላል ረመጥ ውስጥ አብስለው አበሉኝና ሌላ ድስት ፍለጋ ከሐዋ ጋር ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። እንቁላሉ ለረሃቤ እንደ መሳለቂያ ነበር። መደብ ላይ ደሞ ለጠጪ የሚቀርበው የገብስ ቆሎ በሰፌድ ተቀምጧል። ትኩስ ነው። ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም። ተነሣሁ። ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። አንድ ጭብጥ ዘገንኩ። አፌ ውስጥ አደረግሁት።

አላኘክሁም። እንደ ከረሜላ መጠጥኩት። ገብስ ገብስ አለኝ፤ ጨው ጨው አለኝ። ጥርሴ ሊነክሰው መጣ።  ያን ጊዜ አቶ ፍሥሐ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው ያለው ትዝ አለኝ። ደሴ ድረስ አትደርሺም ያለው ትዝ አለኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ስልክ የላት፣ ደብዳቤዬ እንኳ አልደረሳት። ቆሎውን አንድም ሳይቀር እጄ ላይ ተፋሁት። ቆጠርኩትም፤ ስንት እንደገባ ባላውቅም ቆጠርኩት። ለድመቷ ሰጠኋት። አሽታ ተወችው።

ከፍራቴ የተነሣ አልጋዬ ላይ ተመልሼ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሲመለሱ ነገርኳቸው። እትዬ ለምለም ሰፌዱን አንሥተው ሐዋ ቤት ወሰዱት። የቤቱ ቆሎ ሁሉ ተሰደደ። ጠላ ጠጪዎቹ ያን ሰሞን ያለ ቆሎ ጠጡ፤ አንዳንዱ "አስተማሪዋ ምን አድርገናት ነው?" እያለ።

ሁለተኛው ድስት እንደ ወጉ ተሟሸ። እኔም አፌን ቆልፌ ጠበቅሁ። በማግሥቱ ድንቹ ተጣደ፣ አሁን ግን በኃይለኛ እሳት ሳይሆን በኩበት ረመጥ ውስጥ ተቀበረ፤ አንገቱ ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ ለምለም "ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ እስከ ትምህርት ቤት መልቀቂያ አትንኪው" ብለው ጠላቸውን ሊጠምቁ ገቡ። እኔ አትንኪው የተባልኩትን ነካሁት። ክዳኑን ከፈት፣ አየት፣ ከደን። ደሞ ትንሽ ቆይቼ ከፈት። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ራሱ የጠገብኩ ይመስለኛል። ደወሉ ሲደወል ድንቹ መሀሉ ገና ድንጋይ ነበር። ያን ቀንም በወተት አደርኩ።

"ማነው የከፈተው?" አሉ እትዬ ለምለም።

"ድመቷ" አልኩ።

ድመቷን አዩ። እኔን አዩ። ሊጥ አመጡ። በማግሥቱ ድስቱን ከደኑና አፉን ዙሪያውን በገብስ ሊጥ መረጉት፣ ልክ የጠላ ጋን እንደሚመረግ። "አሁን ድመቷ ትክፈተው" አሉ።

ጠበቅሁ። ሌላ ምን ላደርግ? ምርጉ መጀመሪያ ነጣ፤ ከዚያ ደረቀ፤ ከዚያ ዳቦ ሆኖ ቡናማ ሆነ። ከጠርዙ አንዲት ቀጭን እንፋሎት ብቻ ትወጣለች፣ የቅቤ ሽታ ይዛ። የትምህርት ቤቱ ብረት ሲመታ እትዬ ለምለም ምርጉን በድንጋይ ነካ ነካ አድርገው ሰበሩት። ድንቹ ቅርጹን እንደያዘ ተቀምጧል፤ ማማሰያው ሲነካው ግን ወዲያው ፈረሰ፣ እንደ ረጋ ወተት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ በሽተኛ ያለበት ሰው እንዳይቸገር፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ዕለት ዕለት ሳየው ስለከረምኩ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ድንቹን ልጣችሁ እኩል እኩል ክተፉት፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትንሹ ሲሟሟ ትልቁ ጥሬ ይቀራል፣ ለኛ ለተስቦ ሰዎች ደሞ ጥሬ ቅንጣት ጠላት ነው። ውኃው ድንቹን እንዳያሰጥመው፣ ወገቡ ላይ ይድረስ፤ ከላይ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጉበትና ክዳኑን መርጉ። ረመጡ ነበልባል የሌለው ይሁን፣ ኩበት ለዚህ የሚወዳደረው የለም፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይሞታል። ምርጉ ሲሰበር ውኃው ተመጥጦ ያልቃል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ በትኩሱ ፍጩት፣ ወተቱም ሞቆ ይጠብቅ፤ ቀዝቃዛ ወተት ድንቹን ያስኮርፈዋል። ወተቱን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ፤ ሲለሰልስ ደሞ ተዉት፣ ይበልጥ አለሰልሳለሁ ብሎ የሚለፋ ሰው ሙጫ ነው የሚበላው። ሐዋ አንድ ቀን ክንዷ እስኪዝል መታችውና ማንኪያው ቆሞ ቀረ።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ስውጥ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞቀኝ። ጉሮሮዬን፣ ደረቴን፣ ከዚያም ያን የፈራሁትን ሆዴን አልፎ ሲሄድ ተከተልኩት። የትም አልወጋኝም። ሁለተኛውን ዋጥኩ። ሐዋ ካቡ ላይ በክርኗ ተደግፋ ታየኛለች፤ እትዬ ለምለም ማማሰያውን እንደያዙ ቆመዋል።

"እንዴት ነው?" አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።

"አትናገሩኝ" አልኩ። "እየበላሁ ነው።"

እውነቱን ለመናገር ምንም አልጣመኝም ነበር። ለስላሳ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ቅቤ ይሸታል፤ ጣዕም ግን የለውም። ተስቦው ምላሴን የወሰደው መሰለኝ። ለአቶ ፍሥሐ ስነግረው ምላሴን አየና "ፀድቷል፤ ጣዕሙም ይመለሳል፤ ታገሺ" አለኝ። ታገሺ የሚለውን ቃል ያን ሰሞን የሰማሁትን ያህል በዕድሜዬ አልሰማሁትም። እነዚያ ሁለት ሴቶች እንዲያ ሲለፉልኝ ደሞ አይጥምም ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ሳህኑን እየጠረግሁ ብቻ እመልስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አንዱ ካንዱ እየተሻለ፣ በድንች እየተቆጠሩ ሄዱ፤ መጀመሪያ ከአልጋዬ እስከ ደጃፍ፣ ከዚያ ከደጃፍ እስከ ካቡ፣ ከዚያ ካቡን ይዤ እስከ ሐዋ ሱቅ ድረስ እየሄድኩ፣ እዚያም ከጨው ከረጢት ላይ ተቀምጬ ለእትዬ ለምለም ጠጪዎች ሰላምታ እየሰጠሁ፣ ጠጉሬ በእፍኝ እየረገፈ፣ ጉንጬ ግን እየሞላ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር "ጓድ፣ ከውይይት ክበብ ቀርተሻል" ሊለኝ መጥቶ ከካቡ ሥር ያለውን ጭስ ሲያይ "ምንድነው?" አለ፤ ሐዋ "የሠርቶ አደሩ ድንች ነው" አለችው፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሄደ። ተማሪዎቼ ተሰብስበው ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንዷ ግንባሬን ትክ ብላ እያየች "እትዬ፣ ሦስት አራተኛው ጠፋ" አለችኝ። እናቴም ደብዳቤው ደርሷት፣ በጭነት መኪና ጋቢና አቧራ ለብሳ፣ እያለቀሰች ገባች፤ ስትገባ እኔ በትልቅ ጭልፋ ድስት እየጠረግሁ ነበርና ለቅሶዋን ግማሽ ላይ አቋረጠችው።

ከፋሲካ በፊት አቶ ፍሥሐ ለመጨረሻ ጊዜ ሆዴን ጫነ። ጠለቅ አድርጎ፣ በሁለት እጁ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

"ያማል?"

"ያስቃል፣ እጅህ ቀዝቃዛ ነው።"

"በቃ ሽሯል" አለ። "እንጀራ ብዪ። በርበሬውን ቀስ ብለሽ። ቆሎውን..." አለና ስለ ድመቷ የሰማ ይመስል አየኝ። "ቆሎውን ከበዓሉ በኋላ።"

የፋሲካ ጠዋት ነው እንግዲህ። እትዬ ለምለም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ዶሮ ወጡ እሳት ላይ ነው፣ እናቴ እንጀራ ታቀርባለች። እሳቸው ግን "መጀመሪያ የምገድፈው በዚያ ድስት ነው" አሉ። "ሁዳዴን ሙሉ እያማሰልኩ አንድ ቀን አልቀመስኩት። ምን ዓይነት ነገር እንደሠራሁ ልወቅ።" ሐዋም ተጠራች፤ ድስቱ የማንም አይደል፣ ሥጋ አልነካው። እሷም እስከዚያ ቀን ቀምሳው አታውቅም፤ የበሽተኛ ምግብ መቀነስ ነውር ነው ብላ። ሁለቱ በካቡ ግራና ቀኝ ቆመው አንድ አንድ ማንኪያ ጎረሱ።



እትዬ ለምለም ዋጡ። ማንኪያውን አዩት። ድስቱን አዩት። ከዚያ ወደ ሐዋ ዞሩ።

"አንቺ ሐዋ!"

"አቤት።"

"ጨውሳ?"

ሐዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ እኮ... እርስዎ የሚጨምሩ መስሎኝ!"

"እኔ? የጨው ነጋዴ ሚስት ድስቱ አፍ ላይ ቆማ፣ እኔ ጨው ልጨምር? ከወተቱ ጋር ታደርጊበታለሽ ብዬ ነው እንጂ!"

"ወተት ላይ ማን ጨው ያደርጋል፣ እትዬ ለምለም!"

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ? ስትበዪ ከርመሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"ምላሴን ተስቦ የወሰደው መስሎኝ" አልኩ።

ሐዋ ወደ ሱቋ ሮጣ ተመለሰችና ከአሞሌ የተፈረፈረ ጨው በቁንጥጫ በተነችበት። ቀመስኩ። እናንተ! ምላሴ እዚያው ነበር። የትም አልሄደም። ድንቹ ራሱ ተናገረ፤ ቅቤው ተናገረ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሐዋ ካቡ ላይ ተደፋች፣ እትዬ ለምለም በኽምጣኛ የሆነ ነገር ሲሉ ሐዋ ይብስ ብሎባት መሬት ተቀመጠች። እኔም ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ፣ ጎኔ እስኪወጋኝ። መሀል ላይ እጆቼን አየኋቸው። ስንት ቀን ሙሉ በፍርሃት የያዝኩት ሆድ ነው። በሳቅ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ ክረምት ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እያስተማርኩ ነው፤ ጠጉሬ እንደ ሕፃን ጠጉር አጭርና ለስላሳ ሆኖ በቅሏል። አቶ ፍሥሐን አመሰግነዋለሁ፣ ስላላባበለኝ። እትዬ ለምለምን እናቴ ብዬ አመሰግናቸዋለሁ፤ እናቴም አልተቀየመችም። ሐዋን፣ ላሟንም፣ ዕድሜ ልኬን። ድመቷን አላመሰግናትም።

እናንተ ደሞ፣ የመንገድ ውኃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ትኩሳት ደረጃ ሲወጣባችሁ በአስፕሪን አትቅበሩት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካፕሱሉን እስከ መጨረሻው ዋጡ። ትኩሳቱ ወርዶ ረሃብ ሲመጣባችሁ ድኛለሁ አትበሉ፤ ያን ጊዜ ነው አስታማሚ ቆሎውን ከቤት የሚያወጣው። ድስታችሁን አሟሹ፣ ክዳኑን መርጉ፣ አትክፈቱ፤ እኔ ራሴ መጠበቅን የተማርኩት በሊጥ ተዘግቶብኝ ነው። ምግብ ሁሉ አልጥም ሲላችሁ ደሞ ምላሴን አጣሁ ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጨው ያደረገበት ማነው?